ፊደልና ማኅደር፦ የ«ድራጎን ኩዌስት» አሠራርና ከጃፓን የወጣበት መንገድ

መግቢያ

በጂንካም ሆነ በሌሎች የደቡብ ኦሞ ከተሞች ወጣቶች በእጅ ስልካቸው የሚጫወቷቸው ቪዲዮ ጌሞች ከሞላ ጎደል በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ጨዋታው የኳስ ወይም የመኪና እሽቅድምድም ከሆነ ችግሩ ብዙም አይሰማም፤ የጣት ቅልጥፍና ይበቃል። ታሪክ የሚተረክበት፣ ንጉሥ የሚናገርበት፣ መንገደኛ ምክር የሚለግስበት ጨዋታ ሲሆን ግን ቋንቋውን የማያውቅ ተጫዋች ከደጅ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በዚህ ጽሑፍ «የሚና ጨዋታ» ተብሏል። ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ እየተጓዘና እየተዋጋ፣ ልምድና ዕቃ እያከማቸ ታሪኩን ወደ ፍጻሜው ያደርሳል።

የሚና ጨዋታን በጃፓን የሕዝብ መዝናኛ ያደረገው «ድራጎን ኩዌስት» ነው። ይህ ጽሑፍ ጨዋታው እንዴት እንደ ተሠራና ከአገሩ ውጭ እንዴት እንደ ተሠራጨ ያስረዳል። ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው፤ የጃፓን ካና እንደ ግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል የሚወክልበት ጽሕፈት በመሆኑ፣ የጨዋታው አዘጋጆች የገጠማቸው ጥያቄ በፊደላችን ጨዋታ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከሚገጥመው ጋር ይቀራረባል። ልዩ ማስታወሻ ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአዘጋጆቹ መገናኘት

ኤኒክስ የተባለው የቶኪዮ ኩባንያ በ1982 ለኮምፒውተር ጨዋታ ፕሮግራም አዘጋጆች ውድድር አወጣ። ኩባንያው የራሱ ፕሮግራመሮች አልነበሩትም። እንደ መጽሐፍ አሳታሚ ከውጭ የሚመጣ ሥራ እየተቀበለ አሳትሞ ለደራሲው ድርሻውን መክፈል ነበር ያሰበው። ከተሸላሚዎቹ መካከል ሁለቱ በኋላ የ«ድራጎን ኩዌስት» መሠረት ሆኑ። አንደኛው ዩጂ ሆሪ ነው፤ በ1954 በአዋጂ ደሴት የተወለደ፣ በመጽሔት ጸሐፊነት የሚተዳደርና ፕሮግራም መጻፍን በራሱ የተማረ ሰው ነበር። ሁለተኛው ኮይቺ ናካሙራ ሲሆን ውድድሩን ሲገባ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ናካሙራ በ1984 ቹንሶፍት የተባለውን የራሱን ድርጅት መሠረተ።

ሁለቱም «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» በተባሉት የአሜሪካ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ተማርከው ነበር። ሆኖም እነዚህ ጨዋታዎች ውድ ኮምፒውተርና የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከዚህም በላይ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በጃፓን ቤቶች የተስፋፋው ደግሞ ኒንቴንዶ በ1983 ለገበያ ያቀረበው «ፋሚኮም» የተባለ መጫወቻ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፣ የቁልፍ ሰሌዳ የለውም፣ የሚታዘዘውም በአቅጣጫ መስቀልና በጥቂት ቁልፎች ብቻ ነው። ሆሪ ከ«አልቲማ» ከላይ ወደ ታች የሚታየውን ካርታ፣ ከ«ዊዛርድሪ» ደግሞ ፊት ለፊት የሚደረገውን ውጊያ ወስዶ ልጆች ሊይዙት በሚችል መልክ ለማዋሐድ አሰበ። የቁልፍ ሰሌዳውን ለመተካት «ተናገር»፣ «ክፈት»፣ «መርምር» የመሰሉ ትእዛዞችን በዝርዝር አቀረበ። ይህንን መንገድ አስቀድሞ የሞከረው በ1983 ለኮምፒውተር የደረሰው «ፖርቶፒያ» የተባለው የወንጀል ምርመራ ጨዋታ በ1985 ወደ ፋሚኮም ሲዛወር ነበር።

ሆሪ በሳምንታዊው የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት «ሾነን ጃምፕ» ላይ ይጽፍ ስለነበር በመጽሔቱ አማካይነት ሠዓሊው አኪራ ቶሪያማ ጭራቆቹን እንዲሥል ተደረገ። ሆሪ «ስላይም» ለተባለው ደካማ ጭራቅ የሰጠው ንድፍ የተከመረ ጭቃ ይመስል ነበር፤ ቶሪያማ ግን ፈገግ ያለ የውኃ ጠብታ አድርጎ መለሰው። ዛሬ የጨዋታው መለያ ምልክት ሆኖ የሚታወቀውም ይኸው ጠብታ ነው። የዜማ ደራሲው ኮይቺ ሱጊያማ በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥንና በዘፈን ዓለም ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ከኤኒክስ ጋር የተገናኘው ከኩባንያው የሾጊ ጨዋታ ጋር የመጣውን የአስተያየት ፖስታ ካርድ ሞልቶ በመላኩ ነው።

ስልሳ አራት ኪሎባይት

ጨዋታው የተጫነበት ካርትሪጅ የነበረው ጠቅላላ ማኅደር 64 ኪሎባይት ነው። ካርታው፣ ጭራቆቹ፣ ዜማው፣ የውጊያው ስሌትና ንግግሩ ሁሉ በዚህ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ 3 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ 48 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አሁን በሥራ ላይ ባለው የተለመደ የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ አንባቢ የያዘው ይህ ጽሑፍ ብቻውን የጨዋታውን ማኅደር ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቦታ ይይዝ ነበር።

በዚህ ጥበት ብዙ ነገር ተቆረጠ። በጃፓኑ የመጀመሪያ እትም ጀግናው ወደ የትም ቢሄድ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ነው፤ የጎኑና የጀርባው ሥዕል ቦታ ስለሚወስድ አልተሣለም። በመሆኑም ተጫዋቹ ከሰው ጋር መነጋገር ሲፈልግ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚናገር መምረጥ ነበረበት። የቀለም ለውጥም ሥዕልን ለመቆጠብ አገለገለ፤ አንዱ የስላይም ሥዕል ቀለሙ ተለውጦ ሌላ ስምና ሌላ ኃይል ያለው ጭራቅ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው የፊደሉ ቁጠባ ነው። ጃፓንኛ ከቻይና ከመጡት ምልክቶች ሌላ ሁለት የካና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው ሂራጋና ለአገሬው ቃላት፣ ሁለተኛው ካታካና ለባዕድ ቃላትና ስሞች ያገለግላሉ። እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው። የቻይናዎቹ ምልክቶች በሺዎች ስለሚቆጠሩ ከመጀመሪያው ቀሩ። ሂራጋና ለንግግሩ አስፈላጊ ነበር። ከካታካና ግን 20 ምልክቶች ብቻ እንዲቀሩ ተወሰነ፤ ከእነዚህም «ሄ» እና «ሪ» በሁለቱም ካናዎች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሥዕል ለሁለቱ አገለገለ።

ከዚህ በኋላ የጭራቆቹና የአስማቶቹ ስሞች በተመረጡት ምልክቶች ሊጻፉ የሚችሉ መሆን ነበረባቸው። «ስላይም» በካታካና «ሱ-ራ-ኢ-ሙ» ተብሎ ይጻፋል፤ አራቱም ምልክቶች ከሃያዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። ቁስል የሚፈውሰው አስማት «ሆ-ኢ-ሚ»፣ ወደ ቤተ መንግሥት የሚመልሰው ደግሞ «ሩ-ራ» ተባሉ። «ድራጎን» በጃፓንኛ «ዶ-ራ-ጎ-ን» ነው፤ «ዶ» እና «ጎ» ግን ከሃያዎቹ ውስጥ የሉም። ይህ የተፈታው በካና ባሕርይ ነው። በካና «ቶ» ላይ ሁለት ጭረት ሲጨመር «ዶ»፣ «ኮ» ላይ ሲጨመር «ጎ» ይሆናል። ጭረቶቹ በስክሪኑ ላይ ከፊደሉ በላይ ባለው መስመር ለብቻቸው ስለሚቀመጡ፣ አንድ የጭረት ሥዕል ለብዙ ፊደላት ይበቃል። በዛሬው ጊዜ ጃፓናውያን ያለ አንዳች መደናገር የሚጠሯቸው እነዚህ ስሞች እንግዲህ የማኅደር ጥበት ልጆች ናቸው።

ይኸው ጨዋታ በፊደላችን ቢሠራ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር? ፋሚኮም የስክሪኑን ጀርባ የሚሠራው ቁመቱም ወርዱም 8 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ነው፤ በአንድ ጊዜ ሊያውቅ የሚችለውም 256 ዓይነት ካሬ ብቻ ነው። ፊደል፣ ግድግዳ፣ ዛፍ፣ ውኃና መንገድ ሁሉ ከዚሁ ይካፈላሉ። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለዓለሙ ሁሉ የሚተርፈው 25 ካሬ ነው። እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉትን ዲቃላ ፊደላትና ቁጥሮችን ብንጨምር እርሱም ያልቃል። ካናው ግን ጭረቱን ስለሚለይ 70 ገደማ በሆኑ ካሬዎች ይሠራል። በእኛ ፊደል የካዕቡና የሣልሱ ቅጥል ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደ፣ አንዳንዴም ቅርጹን የሚለውጥ በመሆኑ እንዲህ ነጥሎ ማስቀመጥ አይቻልም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የገጠማቸውም ጥቂት ቁልፍ ይዞ ብዙ ፊደል የማተም ችግር ነበር።

ሚዛኑ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ አያጋድልም። በ«ድራጎን ኩዌስት» የተጫዋቹ ስም ከአራት ምልክት አይበልጥም። በላቲን ፊደል አራት ምልክት ለአብዛኛው ስም አይበቃም፤ በእኛ ፊደል ግን አበበ፣ ጫልቱ፣ አስቴርና ከበደ ያለ ችግር ይገባሉ። «አበበ» በፊደል ሦስት፣ በላቲን አምስት ምልክት ይጠይቃል። ክፍለ ቃላዊ ጽሕፈት በሥዕል የሚያስወጣውን ወጪ በጽሑፍ እጥረት ይመልሳል።

የመጀመሪያው ክፍልና የመመለሻው ቃል

የሚና ጨዋታን አይቶ የማያውቅን ልጅ ማስተማር ሌላው ፈተና ነበር። ሆሪ የመረጠው መፍትሔ ጨዋታውን በተዘጋ ክፍል መጀመር ነው። ጀግናው ራሱን በንጉሡ ፊት ቆሞ ያገኘዋል፤ በሩ ተቆልፏል። ለመውጣት ከንጉሡና ከዘበኞቹ ጋር መነጋገር፣ ሣጥን መክፈት፣ ቁልፍ መውሰድ፣ በር መክፈት፣ ከዚያም በደረጃ መውረድ አለበት። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ወደ ሜዳ ሲወጣ ለቀሪው ጉዞ የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና ትእዛዞች ተምሯል፤ መመሪያ መጽሐፍ ያነበበ ግን አይመስለውም።

ጨዋታው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ካርትሪጁም የተጫዋቹን ሁኔታ የሚመዘግብበት ስፍራ አልነበረውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሲያቆም ንጉሡ «የትንሣኤ ቃል» የሚል ስም ያለው የ20 ካና ሐረግ ይሰጠዋል። እርሱን በወረቀት ጽፎ በማግሥቱ ሲያስገባ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ የተመረጡት ካናዎች በትክክል 64 ናቸው፤ እያንዳንዱ 6 ቢት ስለሚይዝ ሃያዎቹ በድምሩ 120 ቢት ይሸከማሉ። ስሙ፣ ልምዱ፣ ወርቁና ዕቃው በዚህ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ሐረጉ የሚታየው በ5፣ በ7፣ በ5 እና በ3 ተከፋፍሎ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የጃፓን ባህላዊ ግጥም ምጣኔ ናቸው። ከፊደላችን 128 ምልክቶች ቢመረጡ እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚይዝ ይኸው መረጃ በ18 ፊደል ይጠቃለል ነበር። ከላቲን ፊደልና ከቁጥር የተውጣጡ 32 ምልክቶች ግን 24 ቦታ ይፈልጋሉ።

በጃፓን የነበረው አቀባበል

«ድራጎን ኩዌስት» ግንቦት 19 ቀን 1978 ዓ.ም. (ሜይ 27 ቀን 1986) ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያ ሽያጩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሕዝቡ ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሆሪ በ«ሾነን ጃምፕ» ዓምዱ አጨዋወቱን በማስተዋወቁ ፍላጎቱ ቀስ በቀስ አደገ፤ በመጨረሻም በጃፓን 1.5 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ። ሁለተኛው ክፍል በጃንዋሪ 1987፣ ሦስተኛው ደግሞ ፌብሯሪ 10 ቀን 1988 ወጡ። ሦስተኛው የወጣበት ዕለት ረቡዕ ነበር። በየመደብሩ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ሲታይ ከትምህርት ቤት ቀርተው የተሰለፉ ብዙ ተማሪዎች በፖሊስ ተያዙ። አራተኛው ክፍል በ1990 የወጣው እሑድ ቀን ነው። የጨዋታው ሽያጭ በሥራ ቀን እንዳይሆን መንግሥት ሕግ አውጥቷል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ እንዲህ ያለ ሕግ ግን የለም፤ ቀኑን የመረጠው አሳታሚው ራሱ ነው።

ባሕር ማዶ፦ ስምና ንግግር ሲለወጡ

ጨዋታው ሰሜን አሜሪካ የደረሰው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1989 ነው። ያሳተመው የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሲሆን ስሙ «ድራጎን ዋሪየር» ተባለ፤ በአሜሪካ ከ1980 ጀምሮ «ድራጎንኩዌስት» የሚባል በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ስለነበረ የቀድሞው ስም ሊያገለግል አልቻለም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የካርትሪጅ ቴክኖሎጂ ተሻሽሎ ስለነበር ጀግናው በአራቱም አቅጣጫ ፊቱን የሚያዞርበት ሥዕል ተጨመረለት። የትንሣኤው ቃልም ቀርቶ በባትሪ የሚሠራ መዝገብ ገባ።

ትልቁ ለውጥ የቋንቋው ነው። በጃፓንኛ ሰዎቹ የሚናገሩት ለልጅ በሚገባ ቀላል አነጋገር ነበር። የእንግሊዝኛው አዘጋጆች ግን የመካከለኛውን ዘመን ድባብ ለመፍጠር በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅርጽ ጻፉት፤ ተጫዋቹን በዕለት ንግግር ከቀረ ብዙ ዘመን ባስቆጠረ ተውላጠ ስም ይጠሩታል። የጥንቱ ጀግና ሮቶም ኤርድሪክ ተባለ። በዚህ የተነሣ አሜሪካዊው ልጅ ያገኘው ጨዋታ ካርታው አንድ ሆኖ ሳለ ጃፓናዊው ልጅ ካገኘው የተለየ፣ ጠንከርና ራቅ ያለ ነበር።

አቀባበሉ እንደ ጃፓኑ አልሞቀም። በ1990 ኒንቴንዶ ጨዋታውን ለመጽሔቱ ተመዝጋቢዎች በስጦታ አደለ፤ በዚህም ብዙ ቤት ገባ። የተከታታዩ መንገድ ግን ከዚያ በኋላም ተቆራርጧል። በ1992 እና በ1995 በጃፓን የወጡት አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍሎች በይፋ በእንግሊዝኛ የተነበቡት በ2009 እና በ2011 ነው። «ድራጎን ኩዌስት» የሚለው ትክክለኛ ስሙም በሰሜን አሜሪካ ሽፋን ላይ የወጣው በ2005 ከስምንተኛው ክፍል ጋር ነበር። አንድ ሥራ ሲወጣ ያልተተረጎመ እንደሆነ ትውልድ ያልፈዋል፤ አምስተኛውን ክፍል በ1992 በአሥር ዓመት ዕድሜው ሊጫወት ይችል የነበረ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በይፋ ያገኘው በ27 ዓመቱ ነው።

ለደቡብ ኦሞ የሚኖረው ትርጉም

አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ የተባለው ድርጅት እንደ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» ያሉ የስልክ ጨዋታዎችን በማዘጋጀት የአገር ውስጥ ጨዋታ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የማኅደር ጥበትም ዛሬ የለም፤ የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚገኝ ዘመናዊ ስልኮች ሊያሳዩት ይችላሉ። የሚቀረው ሆሪና ጓደኞቹ አስቀድመው የመለሱት ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ጽሕፈት፣ በማን አንደበት?

በደቡብ ኦሞ ጥያቄው ይከብዳል። አካባቢው የአሥራ ስድስት ብሔረሰቦች መኖሪያ ነው። አሪ፣ ማሌ፣ ዲሜ፣ ሐመር፣ በናና ካራ ከኦሞአዊ፤ ጸማይ፣ አርቦሬና ዳሰነች ከኩሻዊ፤ ሙርሲ፣ ቦዲና ኛንጋቶም ከናይሎ ሰሃራዊ ቤተሰብ የሆኑ ቋንቋዎችን ይናገራሉ። ሐመርኛና ዳሰነችኛ ወደ ውስጥ በሚሳብ ትንፋሽ የሚነገሩ ድምፆች አሏቸው። በሙርሲኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ የፊደላችን የተለመደ አጻጻፍ ግን ይህን አያመለክትም። ፊደላችን በአማርኛም ቢሆን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ «አለ» የሚለውን አንባቢ በአገባቡ ይፈታዋል። ካና በዚህ ይሻላል፤ መጥበቅን የሚያመለክት ትንሽ ምልክት አለው።

ሰዋስውም ያው ነው። ሦስተኛው «ድራጎን ኩዌስት» ተጫዋቹ ጀግናውን ወንድ ወይም ሴት ማድረግ ያስችለዋል። በእንግሊዝኛ የአንድ ትእዛዝ ቃል ለሁለቱም ይበቃል። በአማርኛ ግን ለወንድ «ሂድ»፣ ለሴት «ሂጂ»፣ ለሚከበር «ይሂዱ» ማለት ግድ ነው። የተረሳ አንድ ግሥ ተጫዋቿን ከታሪኩ ያስወጣታል። ስለዚህ ሁለቱ የንግግር መልኮች ፕሮግራሙ ሲጻፍ ቦታ ሊያዝላቸው ይገባል፤ ካለቀ በኋላ ማስገባት እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሆሪ ጨዋታውን የጀመረው በንጉሥ ፊት ነው። በአሪ ባቢ የሚባል ባህላዊ መሪ ስላለ እንዲህ ያለው አጀማመር ሊስማማ ይችላል። በሐመር ግን ቢታ የሚባለው መሪ በዋናነት ሥርዓተ አምልኮን የሚጠብቅ ሲሆን፣ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው በሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። የሐመር ልጅ ጉዞ በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ቢጀምር ይበልጥ ያምናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንን ቀድሞ እንደሚያናግር፣ መቼ ዝም እንደሚል መማሩ ራሱ የጨዋታው ትምህርት ይሆናል።

የቀለም ቁጠባውም በዚህ ምድር ሌላ መልክ ይይዛል። ካትሱዮሺ ፉኩዊ የተባለው ጃፓናዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ በቦዲ ሕዝብ መካከል ኖሮ ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ዥጉርጉርነት በምን ያህል ጥልቀት እንደሚለዩና እንደሚሰይሙ አጥንቷል። በጃፓኑ ጨዋታ አንዱን ሥዕል በቀለም መለወጥ ቦታ መቆጠቢያ ብልሃት ነበር። በቦዲ ዓለም በሚሠራ ጨዋታ ግን የአንድ በሬ ሥዕል በቀለሙ ብቻ ሲለይ ተጫዋቹ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚለይበትን ዓይን ይማራል።

ማጠቃለያ

«ድራጎን ኩዌስት» የተሠራው ከጽሕፈቱ ጋር በመመካከር ነው። የጭራቆቹ ስም፣ የመመለሻው ቃል ርዝመት፣ የጀግናው ስም መጠን ሁሉ ካና ከፈቀደውና ማኅደሩ ከቻለው የመጡ ናቸው። ባሕር ሲሻገር ደግሞ ስሙ፣ ንግግሩና መዝገቡ ተለውጦ በከፊል እንደ ገና ተሠርቷል። በጂንካ የሚገኝ ተመራማሪ ወይም ፕሮግራመር ከዚህ የሚወስደው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ተረት ነጋሪውን መስማት፣ ቀጥሎ የቋንቋውን ድምፅና የአክብሮት ወግ መመዝገብ፣ ከዚያም ፕሮግራሙን መጀመር። በአካባቢው ኦንጎታን የመሰለ፣ የቀሩት ተናጋሪዎች እጅግ ጥቂት አረጋውያን ብቻ የሆኑበት ቋንቋ አለ። ለእንዲህ ያለው ቋንቋ የአሥራ ሰባት ዓመት መዘግየት፣ ለአምስተኛው «ድራጎን ኩዌስት» እንደ ሆነው፣ በትዕግሥት የሚጠበቅ ነገር አይደለም።